የደመወዜ ልክ ማኅተም አርፎበት ለአባቴ እንዲጻፍልኝ

ቀን፦ ጥቅምት 11 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሐይቅ

ለሐይቅ ዙሪያ ለምለም ምርት የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ዩኒየን
ለክቡር ሥራ አስኪያጅ አቶ ወንዱ ከበደ

አመልካች፦ ሀምዱ ባድሩ፣ ጀማሪ የሒሳብ ሠራተኛ

ጉዳዩ፦ የመነሻ ደመወዜ መጠንና የዕድገት ደረጃዬ በግልጽ ተጽፎ ለወላጅ አባቴ እንዲሰጥልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

ይህ አቤቱታ የደመወዝ ጭማሪ ጥያቄ አይደለም። አስቀድሜ ይህን የምናገረው ክቡርነትዎ ገና ስሜን ሲያዩ «እነዚህ ልጆች ደግሞ ጀመራቸው» ብለው ወረቀቱን ወደ ጎን እንዳያደርጉብኝ ነው። የምለምነው አንዲት ገጽ ደብዳቤ ብቻ ነው። ለምን እንዳስፈለገችኝ ለማስረዳት ግን ገመናዬን መግለጥ ግድ ሆኖብኛል። እኔ እያፈርኩ እጽፋለሁ፤ እርስዎም ነገ በኮሪደር ስንገናኝ እንዳላነበቡ ይሁኑልኝ።

1. በሒሳብ አያያዝ በመጀመሪያ ዲግሪ ተመርቄ፣ የመውጫ ፈተናውንም አልፌ፣ ከአንድ ዓመት በላይ በየማስታወቂያ ሰሌዳው ሥር ቆሜ ከርሜአለሁ። ማስታወቂያው ሁሉ የሥራ ልምድ ይላል። ሳንቀጠር ልምዱን ከየት እናምጣ ብንል የሚመልስልን አላገኘንም። ይህ ዩኒየን ባለፈው ዓመት በጥር ወር ያለ ልምድ ሲቀበለኝ አልሐምዱሊላህ ብዬ ፈረምኩ። ደመወዙ በቃል ተነግሮኝ፣ አውቄ ነው የፈረምኩት፤ ማንም አላታለለኝም። ጀማሪ ሁሉ የሚያገኘው ከዚሁ የማይርቅ እንደሆነም አውቃለሁ። አብሮኝ የተመረቀው ሙአዊያ ውጤቱ ከእኔ የተሻለ ነበር፤ ዛሬ እዚሁ ሐይቅ ከተማ ባጃጅ ይነዳል። ጠዋት ጠዋት «ና ግባ፣ ሒሳብ ሹሙ!» እያለ መሥሪያ ቤቱ በር ድረስ በነጻ ያደርሰኛል። እሱ ይስቃል፣ እኔም አብሬው እስቃለሁ። ከእኔ የተሻለ እንደሚያገኝ ሁለታችንም እናውቃለን።

2. የደመወዜን መጠን በዚህ ጽሑፍ ላይ አላሰፈርኩም። ክቡርነትዎ በየወሩ ይፈርሙበታል። እኔም ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስጽፍ የምውል ሰው ነኝ፤ ይህችን ቁጥር ለመጻፍ ግን እጄ እሺ አይልም። የቤት ኪራይ ከከፈልኩ በኋላ የሚተርፈው ወሩን አያጋምስም ማለት ይበቃል። ይህን ስል ሙያዬን ጠልቼ አይደለም። የወሩ ሒሳብ ተዘግቶ ገቢና ወጪው ልክ ሲገጥም የሚሰማኝን ደስታ ለማንም ብናገር አብዷል ይሉኛል። ሥራውን እወዳለሁ፤ የማፍረው በማገኘው ነው።

3. ቤተሰቦቼ የሚኖሩት በአምባሰል፣ ከውጫሌ ወረድ ብሎ ነው። እንደሚያውቁት በእኛ አገር ሰው ሲሞት የሚቀብረው ቅሬው ነው፤ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ነው ያለነው። የእኛ ቅሬ ደንብ አለው። ገበሬው መቃብር ይቆፍራል፣ እንጨት ይፈልጣል። ከተማ ያለ ደመወዝተኛ ደግሞ በጉልበቱ ምትክ ገንዘብ ይልካል። መምህሩም የጤና ሠራተኛውም እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ የሚቀየማቸውም የለም።

እኔ በተቀጠርኩ በጥቂት ወሩ ጎረቤታችን እማማ ተሻለች አረፉ። እሳቸው አዝለው ያሳደጉኝ ሴት ናቸው። ምትኩን የምልከው አልነበረኝም፤ «የለኝም» ብሎ መናገር ደግሞ አባቴን በሕዝብ ፊት ማዋረድ መሰለኝ። ስለዚህ አስፈቅጄ በመጀመሪያው ሚኒባስ ሄድኩና፣ የአባቴን ዶማ አንሥቼ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ከጎረምሶቹ ጋር ጉድጓድ ገባሁ። በእውነቱ ለእማማ ተሻለች ብዬ ነው የቆፈርኩት ብል ደስ ባለኝ። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹ ግን የኪሴ ነገር ነበር።

ከቀብር መልስ የቅሬው ዳኛ ጋሽ ታረቀኝ ከሕዝቡ መካከል ብድግ አሉ። «እዩት ይህን ልጅ! ዲግሪ ይዞ፣ ደመወዝ እየበላ፣ ብር ልኮ መቅረት ሲችል ዶማ ይዞ መጣ። ተምሮ አፈር ያልናቀ! ባድሩ፣ ወልደሃል!» አሉ። ሼሆቹ ዱአ አደረጉልኝ፤ ቄሱም መረቁኝ። አባቴ በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ጠረጉ።

ክቡር ሆይ፣ በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም። ሰድበውኝ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። ማጣቴን ትሕትና ብለው መረቁኝ፤ እኔም አሜን አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሰው ባረፈ ቁጥር የእኔ ዶማ ይጠበቃል። ሌሎቹ ደመወዝተኞች «ምን ዓይነት ነገር ነው ያስለመድክብን!» ብለው ተቆጥተውኛል፤ እነሱም እውነት አላቸው። ነገሩ በዚህም አላበቃም። እናቴ ዑምኩልሱም በሶና ሽሮ በሹፌር ትልክልኛለች፤ ለጎረቤት ግን «ልጄ የከተማ ምግብ አይስማማውም» ትላለች። ወላሂ፣ የከተማ ምግብ በጣም ነው የሚስማማኝ! ያችኑ አንድ ጃኬት ደጋግሜ ስለብስ «ዱንያ አላታለለችውም» ይባልልኛል። በመስከረም የግሸን ተጓዥ በዝቶ መኪና ሲወደድ አገር ቤት ሳልሄድ ብቀር «ሥራውን ምን ያህል ቢወድ ነው» አሉ። ያጣሁት ሁሉ በስሜ ላይ ምግባር ሆኖ ይጻፋል። እኔም ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ብዬ ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት ጉዳቱ በራሴ ላይ ብቻ ስለመሰለኝ ነው።

4. አሁን ግን ነገሩ ወደ እህቴ ዞሯል። ታናሽ እህቴ ኢንሳፍ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሳለች፤ ውጤቷ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃም። አባቴ ደሴ ከሚገኝ አንድ የግል ኮሌጅ ሒሳብ ሊያስተምሯት ወስነዋል። የሚያስተምሯት ደግሞ በምንጭ ውኃ ሽንኩርት የምናወጣባትን መሬት ለአንድ ነጋዴ በኮንትራት ለአምስት ዓመት ሰጥተው ነው። ከመሬታችን ሁሉ ቤቱን ቀጥ አድርጋ የያዘችው እሷው ናት። ሌላው ዝናብ የሚጠብቅ ጭንጫ ነው። ውሉ የሚፈረመው የፊታችን ዓርብ ከጁምዓ ሰላት በኋላ ነው፤ ምስክር እንዲሆኑም ጋሽ ታረቀኝ ተጠርተዋል።

የአባቴ ሐሳብ አጭር ነው፤ «ሀምዱ በሒሳብ ሰው ሆኗል፣ ኢንሳፍም ትከተለው። አምስት ዓመት ምን አላት? ሁለቱ ደመወዛቸውን ይዘው ሲመጡ መሬቷንም እናስመልሳለን፣ ቤቱንም ቆርቆሮ እናለብሳለን» ይላሉ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው። ላሟ ደግሞ እኔ ነኝ።

እህቴ ሒሳብ አትማር የምል ሰው እንዳልመስልዎት። አሮጌ ካልኩሌተሬን ወስዳ የሽንኩርቱን ሽያጭ የምታሰላው እሷ ናት፤ ጭንቅላቷም ከእኔ ይሻላል። መማር የፈለገች እንደሆነ ትማር። ነገር ግን እሷም አባቴም የሚገቡበትን አውቀው ይግቡ። አሁን የሚገቡት እኔን አይተው ነው፤ ያዩት ደግሞ እኔን አይደለም።

5. እውነቱን ለአባቴ ለመናገር ሞክሬአለሁ። መጀመሪያ «አባ፣ ደመወዜ እንደምታስቡት አይደለም» ብላቸው ሳቁ። «አንተ መቼ ራስህን ከፍ አድርገህ ታውቃለህ» ብለው ትከሻዬን መቱኝ። ሁለተኛ በስልኬ የገባውን የባንክ መልእክት አነበብኩላቸው። «ይህማ ቆጥበህ የተረፈህ ነው» አሉ። የቅጥር ደብዳቤዬን እናውጣ አልኩ፤ እሱም «ደመወዝ በደረጃው መሠረት» ይላል እንጂ ቁጥር የለበትም። አጥብቄ ስይዝ ፊታቸው ተለወጠ። «ሀምዱ፣ እህትህ እንዳትደርስብህ ነው?» አሉኝ። ከቤት ወጥቼ መኪና እስክሳፈር እናቴ ከኋላዬ ስትጠራኝ አልዞርኩም። አባቴ ምቀኛ ልጅ ወለድኩ ብለው እንዲያድሩ ማድረጌ ከማጣቴ ይልቅ ያንገበግበኛል።

6. ለምን ወደ ክቡርነትዎ እንደመጣሁ ልግለጽ። በግንቦት ወር ለገበሬዎቹ ስብሰባ ወደ ቀበሌያችን መጥተው ሳሉ አባቴ እጅዎን ጨብጠው «ልጄን አደራ» ብለውዎት ነበር። እርስዎም «ልጅዎ የነገ ትልቅ ሰው ነው፣ አያስቡ» አሏቸው። በበጎ ልብ እንደተናገሩት አውቃለሁ፤ ለሌሎቹም ወላጆች እንዲሁ እንዳሏቸው ሰምቻለሁ። አባቴ ግን ያችን ቃል ይዘው ነው መሬቷን የሚሰጡት። የእኔን ቃል ትሕትና ወይም ምቀኝነት ነው ብለው ይጥሉታል። የእርስዎን ቃል ግን አይጥሉም፤ ማኅተም ካረፈበትማ ጭራሽ።

ስለዚህ በትሕትና፣ ይቅርታ፣ ይህን ቃል እንኳ ፈራሁት፣ በአክብሮት የምጠይቀው የሚከተለውን ነው፦

ሀ) ለአቶ ባድሩ ተብሎ በተጻፈ ደብዳቤ፣ ተቆራጩ ተቀንሶ በየወሩ እጄ ላይ የሚደርሰው ደመወዝ እንዲገለጽልኝ። «በደረጃው መሠረት» የሚል እንዳይገባበት።

ለ) ወደሚቀጥለው ደረጃ መቼ እንደማድግ እንዲጻፍልኝ። የሰው ሀብት ክፍል ክፍት መደብ ሲገኝ ነው ብሎኛል፤ መቼ እንደሚገኝ አይታወቅም ከሆነም «አይታወቅም» ተብሎ ይጻፍ። እኔ ለምጄዋለሁ።

ሐ) «ታታሪና ምስጉን ሠራተኛ» የሚል ቃል እንዳይጨመርበት። ምስጋና ከገባበት አባቴ ጆሮ የሚደርሰው እሱ ብቻ ነው፤ ሌላውን ይረሱታል።

መ) ደብዳቤው እስከ ሐሙስ ከሰዓት እንዲደርሰኝ። ከውሉ በኋላ ከሆነ ለእኔ ማሳፈሪያ ከመሆን በቀር ለማንም አይጠቅምም።

ይህ ወረቀት ሲነበብ ምን እንደሚከተል አስቤበታለሁ። ጋሽ ታረቀኝ ይሰማሉ፤ ዶማዬን ለምን እንደያዝኩም በዚያው ይገባቸዋል። የተመረቅኩትን ምርቃት መልስ ቢሉኝ የምመልሰው የለኝም። መሬቷ ግን በእጃችን ትቀራለች፤ ኢንሳፍም የምትመርጠውን ዓይኗን ገልጣ ትመርጣለች። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ እኔ ግን እስከ ዓርብ ብቻ ነው ጊዜ ያለኝ።

በመጨረሻም አንድ ነገር ልለምን። ቁጥሩ በአኀዝም በፊደልም ይጻፍልኝ፤ ፊደሉም ጎላ ያለ ይሁን። አባቴ ማንበብ አይችሉም። ወደ ቤታችን የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ የምታነብላቸው ኢንሳፍ ናት። ይህንንም የምታነበው እሷ ናት። ቁጥሩ ላይ ስትደርስ እንዳትጠራጠርና እንደገና እንዳትጀምረው ነው። እኔ እዚያው አጠገቧ እቀመጣለሁ፤ አንብባ ጨርሳ ቀና ስትል ፊቴን እንዳላዞርባት ይጸልዩልኝ።

እያፈርኩም ቢሆን፣ ከሰላምታ ጋር

ሀምዱ ባድሩ
(ፊርማ)

ግልባጭ፦
ለማንም እንዳይደረግልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።