ለበረዶው ሽማግሌ የተደረበ ካፖርት

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ መልከጸዴቅ፣ የጌታ ሰላም ከነቤተሰብዎ ይብዛልዎ። እኛም እዚህ ሰው አገር፣ ስካይዌይ በሚባለው ሰፈር ያለነው ደህና ነን።

ቅዳሜ አባዬንና ልጆቹን ተራራው ማዶ ወደሚደረገው የበረዶ ፌስቲቫል ወሰድኳቸው። ቤት የሚያህል ድብ፣ በሰው ቁመት ደግሞ ሽማግሌዎች ከበረዶ ቀርጸው አቁመዋል። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ስመለስ አባዬ ካፖርቱን አውልቆ ለአንዱ ሽማግሌ ደርቦለት አገኘሁት።

«አባዬ፣ ምን እያደረግክ ነው?» አልኩት።

«ወንድሜ መልከጸዴቅ በርዶታል። ባናግረውም አልመለሰልኝም።»

ልጆቹ ሳቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሳቅኩ። ካፖርቱን ላነሳ ስል ግን እያለቀሰ እጄን ያዘኝ፤ ትተነው መጣን።

አሁን ደህና ነው፤ ይበላል፣ ይተኛል። የውጭው በር ላይ እሱ የማይደርስበት ቁልፍ አስገጠምኩ። በቪዲዮ ሲደውሉ፣ አደራ፣ አስቀድመው ስምዎን ይንገሩት።

ዓይን ለዓይን ለመተያየት ጌታ ያብቃን።

የወንድምዎ ልጅ፣ ኤዶም