ወይዘሮ ተብለጽ፣ የላይኛው ምንጭ ዓሦች እና የሙላው ስም

ወይዘሮ ተብለጽ ኃይለመለኮት ከአባታቸው ከአቶ ኃይለመለኮት ቃለጽድቅ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ዓለም ደስታ ኅዳር 12 ቀን 1953 ዓ.ም. በኮረም ተወለዱ። አባታቸው በአገሩ የታወቁ ዘር ቆጣሪ ነበሩ። ልጁን የሚድር ሰው ሁሉ ሽማግሌ ከመላኩ በፊት እሳቸው ዘንድ መጥቶ በአባትም በእናትም በኩል ሰባት ቤት ያስቆጥር ነበር። ዝምድና ከተገኘ ጋብቻው እዚያው ይቀራል፤ ልመናም ሆነ እንባ አይሰማም። ወይዘሮ ተብለጽ ይህን እየሰሙ አደጉ። ለራሳቸው የመጣላቸው የመጀመሪያው ባል እንኳ በስድስተኛው ቤት ዘመድ ሆኖ ተገኘና ቀረ። ልጁን ወደውት ነበር። እንዲያም ሆኖ ነገሩ በተነሣ ቁጥር "አባዬ ግን ልክ ነበሩ" ይሉ ነበር።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በኮረም፣ ሁለተኛ ደረጃን በደሴ ተምረው ካጠናቀቁ በኋላ ጥቂት ዓመታት በጽሕፈት ሥራ አገልግለዋል። በ1982 ዓ.ም. ወደ ሮማ መጥተው በአንዲት አሮጊት ጣሊያናዊት ሲኞራ ቤት ተቀጠሩ። በ1986 ዓ.ም. ከአቶ ብስራት ጋር ትዳር መሠረቱ፤ ሰባት ቤቱም ከኮረም በስልክ ተቆጥሮ ነው፣ ሳይቆጠር እንዴት ሆኖ። በ1989 ዓ.ም. ልጃቸውን ሳምራዊትን ወለዱ። አቶ ብስራት በ2001 ዓ.ም. ዐረፉ። ሲኞራይቱም፣ ወይዘሮ ተብለጽ እስከ መጨረሻው ቀን አገላብጠው ከጦሯቸው በኋላ፣ በዓመቱ ተከተሉ።

የሲኞራይቱ ልጅ ዶቶሬሳ ማርታ የዓሣ ዘር ተመራማሪ ናቸው። ወይዘሮ ተብለጽ ቤት ዘግተው በሐዘን እንዳይቀሩ ብለው ከሮማ በስተምሥራቅ ከተራራ ሥር ባለች አንዲት ትንሽ የዓሣ ማራቢያ በ2003 ዓ.ም. አስቀጠሯቸው። በየማለዳው ከቲቡርቲና ጣቢያ በባቡር እየሄዱ ገንዳ ማጠብ፣ ዓሣ መቀለብ፣ እንቁላል መልቀም ተማሩ። ሥራውን ወደዱት። ዓሦቹን ሲቀልቡ በአማርኛ ያወሯቸው ነበር ይባላል።

እዚያ የሚረባው ዓሣ ከሳልሞን ወገን የሆነው ትሮታ ነው። ከተራራው ወዲህ ላይኛው ምንጭ የሚባል ውኃ አለ፤ ከተራራው ወዲያ ደግሞ ወንዝ ይወርዳል። የምንጩና የወንዙ ትሮታ ለሚያያቸው መንታ ናቸው። ዶቶሬሳ ማርታ ግን ተራራ ከለያቸው ሺህ ዓመታት ስላለፉ በዘር አንድ አይደሉም እያሉ ሠራተኛውን ሁሉ ያስረዱ ነበር። በሰሜን አገር ያለው ሳልሞንም መልኩ አንድ ሆኖ ዘሩ የየወንዙ ነው ይሉ ነበር። ላይኛው ምንጭ በታኅሣሥ ይገነፍልና ሥሩ ያለውን ጠጠር ሁሉ ጠርጎ ይወስዳል። የምንጩ ዓሣ ይህን ስለሚያውቅ ጎርፉ እስኪያልፍ ታግሦ በየካቲት እንቁላሉን ይጥላል። የወንዙ ዓሣ እንዲህ ያለ ጎርፍ ስለማያውቅ በኅዳር ይጥላል። በዚህ ምክንያት ሁለቱ በተለያየ ገንዳ፣ በተለያየ መረብ ይያዙ ነበር፤ እንዳይቀላቀሉም ጥብቅ ትእዛዝ ነበር።

በ2009 ዓ.ም. የምንጩ ዓሦች እየተመናመኑ መጡ። እንቁላላቸው ይበላሽ፣ ግልገሉም ገና ሳይጠና ይሞት ጀመር። የወይዘሮ ተብለጽ አንጀት አልቻለም። በእሳቸው ዓይን ምክንያቱ ግልጽ ነበር፤ በአንዲት ጠባብ ውኃ ውስጥ ወንድም ከእኅቱ፣ የአጎት ልጅ ከአጎቱ ልጅ ሲጋባ የኖረ ቤት በምን ይባረካል? ሰባት ቤት ቀርቶ አንድ ቤት የሚቆጥርላቸው አልነበረም። በየካቲት ዶቶሬሳ ማርታ ለስብሰባ ወደ ውጭ አገር በሄዱበት ሳምንት፣ ወይዘሮ ተብለጽ አማትበው፣ ጊዜያቸው ገና ያላለፈ የወንዙን ወንዶች በባልዲ ቀድተው ከምንጩ ሴቶች ገንዳ ጨመሩ። እንቁላሉ በተጣለ ማግስትም መልሰው አወጧቸው። ለማንም አልተናገሩም። ጽድቅ የሠሩ መስሏቸው ነበር።

በዚያ ዓመት የተፈለፈሉት ግልገሎች ድንቡሽቡሽ ያሉ፣ ለዓይን የሚያሳሱ ነበሩ። ዶቶሬሳ ማርታ ተደስተው ወደ ላይኛው ምንጭ ለቀቋቸው። ወይዘሮ ተብለጽም በሆዳቸው "አባዬ ቢያዩኝ" ብለው ኮሩ። ችግሩ የታየው ግልገሎቹ አድገው ለመውለድ ሲደርሱ ነው። እንደ እናቶቻቸው እስከ የካቲት አልታገሡም፤ እንደ አባቶቻቸውም በኅዳር አልጨረሱም። እንቁላላቸውን በታኅሣሥ፣ በጎርፉ መሀል ጣሉት፤ ውኃውም ጠርጎ ወሰደው። በዓመቱም እንደዚያው ሆነ። ንጹሕ የነበሩት አሮጌዎቹ ሞተው አልቀው ስለነበር ከምንጩ ሌላ ዘር አልተገኘም። የቀሩት ሲመረመሩ በሁሉም ውስጥ የወንዙ ዘር ወጣ። ሺህ ዓመት የኖረ ዓሣ በአንድ ባልዲ ጠፋ።

የገንዳዎቹ ክፍል ቁልፍ የነበረው ወይዘሮ ተብለጽ እና ሙላው ዘንድ ነው። ሙላው ከካስቴልኑቮ ዲ ፖርቶ የስደተኞች መጠለያ ወጥቶ ሰላም ፓላስ ወደሚባለው የስደተኞች መኖሪያ ሕንጻ የገባ ወጣት ነበር። ከቤተ ክርስቲያን አግኝተው፣ ዋስ ሆነው ሥራውን ያስገቡትም ወይዘሮ ተብለጽ ናቸው። የማራቢያው አለቃ ዘሩ የተቀላቀለው ዶቶሬሳ ማርታ በሄዱበት ሳምንት መሆኑን ገምቶ፣ ሁሉንም ሰብስቦ "አሎራ፣ እንግዲህ ያን ሳምንት ሌሊት አዳሪው ማን ነበር?" ብሎ ጠየቀ። ሙላው "እኔ ነበርኩ፣ ግን ዓሣ አልነካሁም" አለ። ወይዘሮ ተብለጽ እዚያው ቆመው ነበር። ሙላው በ2012 ዓ.ም. ተሰናበተ። ያለ ኮንትራት የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ፔርሜሶውን፣ ማሳደስ አቃተው፤ ያለ ፔርሜሶም ሥራ የሚሰጠው ጠፋ። በእኛው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሳይቀር "ዓሣ ፈጅ" የሚል ስም ወጣለት። ዛሬ ለሽኝታቸው እዚህ ከተቀመጥነው ብዙዎቻችን በዚያ ስም ስቀናል።

ወይዘሮ ተብለጽ ለምን ዝም እንዳሉ ቤተሰቡ ሰበብ ሊደረድርላቸው አይፈልግም፤ እሳቸውም አልደረደሩም። ጡረታቸው ተቃርቦ ነበር፤ ዶቶሬሳ ማርታንም ዓይናቸውን ማየት አሳፈራቸው። በአጭሩ ፈርተው ነው።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ምግብ ቋጥረው ሰላም ፓላስ መመላለስ ያዙ። ሙላው ከደረጃው ወርዶ ይቀበላቸውና ለጎረቤቶቹ "ይኼው እናቴ መጣች፤ በዚህ አገር ካለ እሷ ሰው የለኝም" ይል ነበር። እሱ ባመሰገነ ቁጥር እሳቸው ይታመሙ ነበር። ቤታቸው ሲመለሱ እህል አይቀምሱም። ልጃቸው ሳምራዊት ምን ነካዎት ስትል "ሆድ ይፍጀው" ይሏት ነበር። በጡረታቸው ዘመን ሰዎች እንደ ደግነት ሲያወሩላቸው የኖሩት ይህ መመላለስ፣ በእሳቸው ዘንድ ዕዳውን የማይከፍል ሸክም ነበር።

በ2017 ዓ.ም. የጣፊያ ካንሰር እንዳለባቸው ተነገራቸው። ያን ጊዜ ነገሩን መጀመሪያ ለንስሐ አባታቸው፣ ቀጥሎም ለሳምራዊት ተናገሩ። የንስሐ አባታቸው "ለእኔ የነገሩኝን ለሙላው ይንገሩት" አሏቸው። ዶቶሬሳ ማርታ ተጠርተው መጡ። ነገሩን ከሰሙ በኋላ፣ የምንጩ ዓሣ የሚመለስበት መንገድ እንደሌለ፣ የሙላው ስም ግን እንደሚመለስ ተናግረው እጃቸውን ያዙላቸው። ሙላውን በሥራ ቦታው ሁሉ ፊት ነፃ ለማውጣትም ቃል ገቡ።

ለሙላው መንገር ግን ዋናው ነገር ሆኖ ገና ቀርቶ ነበር። እሱ ሆስፒታል እየመጣ ብርቱካን እየላጠ ያጎርሳቸዋል። አንድ ቀን ቆርጠው "ሙላው ልጄ፣ አንድ የምነግርህ…" ብለው ጀመሩ። እሱ "አይድከሙ እማማ፣ ሲድኑ ይነግሩኛል" ብሎ ትራሳቸውን አስተካከለላቸው። ከዚያ በኋላ አቅም አልተመለሰላቸውም። ጥር 19 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ አምስት ዓመታቸው በሮማ ከተማ ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ።

የመጨረሻ ኑዛዜያቸው ይህ ታሪክ አንዲት ነገር ሳትቀነስለት በሕዝብ ፊት እንዲነበብ ነው። በዚሁ መሠረት፦ የላይኛውን ምንጭ ዓሦች ዘር የቀላቀሉት ወይዘሮ ተብለጽ ኃይለመለኮት ናቸው። አቶ ሙላው እጃቸው የለበትም፤ የተናገሩትም ሁሉ እውነት ነበር። የሳቅንባቸው በከንቱ ነው።

ሙላው ይህን ለመጀመሪያ ጊዜ እዚህ አደባባይ ላይ እንዳይሰማ ሳምራዊት አስቀድማ ነግራዋለች። ሰምቶ ወጣ። ወይዘሮ ተብለጽ በዚህ ታሪክ ላይ ስሙ ከልጃቸው ቀጥሎ እንደ ልጅ እንዲጻፍ አዘው ስለነበር፣ ትናንት ተመልሶ ሲመጣ ተጠየቀ። "ስሜን ከልጇ ጋር አትጻፉት፤ ገና አልቻልኩም። ሳጥኑን ግን እሸከማለሁ" አለ።

ስለዚህ ወይዘሮ ተብለጽ የአንዲት ሴት ልጅ እናት ነበሩ ተብሎ ተጽፏል።

ስውሩን የሚያይ አምላክ፣ በሕይወት ሳሉ ለመናገር የፈሩትን፣ ዛሬ በሌላ አንደበት የተናዘዙትን በደል ይተውላቸው። ነፍሳቸውንም ከአብርሃም፣ ከይስሐቅ፣ ከያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን። ለተበደለውም ልቡን የሚያሳርፍ ጽናት ይስጠው።

ሳጥኑ ሲነሣ፣ ከፊት በቀኝ በኩል ያለው ቦታ ለአቶ ሙላው ይተውላቸው።