ረዳት የሌላት ሴት እና ሃያ ሰባት ረዳቶቿ

ሰኞ

ዛሬ ያናገርኩት ሰው አራት ነው። አንዱ የባጃጅ ሹፌር ስለሆነ ሦስት ተኩል ብዬ እመዘግባለሁ።

ይህን ደብተር የሰጠችኝ እህቴ ትዕግሥት ናት። ባምባሲ ታስተምራለች፤ ሰው ማስተካከል ልማዷ ነው። በየገጹ ግርጌ የታተመ ጥያቄ አለ፦ «የዛሬ ድሌ»፣ «ዛሬ የተማርኩት»። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ደግሞ «የሕይወቴ ዓላማ» የሚል ርእስና ሦስት ባዶ መስመር። ሦስት መስመር! እኔ ለፍየል ሽያጭ ውል እንኳ አንድ ገጽ ተኩል እጽፋለሁ።

«አርባ ሦስት ዓመትህ ነው፣ አስናቀ። ከዚያ ኒም ዛፍ ሥር የምትወጣው መቼ ነው?» አለችኝ ስትሰጠኝ። ጥላው ጥሩ ነው አልኳት።

ማመልከቻ ጸሐፊ ነኝ። አሶሳ፣ ከጽሕፈት ቤቶቹ አጥር ውጭ፣ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት በርጩማ። ድሮ አስተማሪ ነበርኩ። ስልሳ ጥንድ ዓይን ባንዴ ሲያፈጥብኝ አፌ እየደረቀ ስላስቸገረኝ በሁለተኛው ዓመት ተውኩት። ወረቀት አያፈጥም። የምጽፈውን ሰሚራ ጎኔ ባለው ኮንቴይነር ውስጥ በኮምፒውተር ትተይበዋለች። ከወሬውም የእኔን ድርሻ እሷው ታወራልኛለች።

ሰው ይመጣል፣ ይቀመጣል። ስም፣ ቀበሌ፣ ጉዳይ። ሦስት ጥያቄ። የቀረውን እኔ አውቀዋለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ያገለገለችኝ አንቀጽ አለችኝ፦ «እኔ አመልካች ምንም ገቢና ረዳት የሌለኝ ምስኪን በመሆኔ…»። ድንጋይ ታስለቅሳለች ይሏታል። ድንጋይ ሲያለቅስ አላየሁም፤ ደንበኛ ግን አይቻለሁ።

የዛሬ ድሌ፦ ስልኬ ሁለቴ ጮኾ አላነሳሁም።

የሕይወቴ ዓላማ፦ በኋላ እመለስበታለሁ።

ማክሰኞ

ዘይነባ ተመልሳ መጣች። ባለፈው ሳምንት ማመልከቻ የጻፍኩላት የማንጎ ነጋዴ ናት። የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ናት፤ ከከተማው ትንሽ ወጣ ያለ መንደር ትኖራለች፤ በዕድሜ ከእኔ ከፍ ትላለች። አዲሱ የፍራፍሬ ገበያ ሼድ ውስጥ ቦታ ይሰጠኝ ብላ ነው ያመለከተችው። እስከ ዛሬ መንገድ ዳር ነው የምትሸጠው። ዝናቡ ደግሞ ሊገባ ነው፤ ዝናብ የመታው ማንጎ ሁለት ቀን አይቆይም።

አልጮኸችም። ቢጮኹብኝ ይሻለኝ ነበር፤ ለጩኸት መልስ አይጠበቅም። በርጩማው ላይ ተቀመጠችና ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋችው።

«ኡስታዝ» አለችኝ። ማስተማር ከተውኩ ስንት ዓመቴ፣ እሷ ግን ኡስታዝ ነው የምትለኝ። «እኔ ሰው የለኝም ብዬ ለአንተ መቼ ተናገርኩ?»

የሼዱን ቦታ የሚያከፋፍለው ኮሚቴ ማመልከቻዎቹን አመልካቾቹ በተሰበሰቡበት ጮክ ብሎ ያነባል። አዳራሹ ሞልቷል። «ምንም ገቢና ረዳት የሌለኝ ምስኪን» ተብሎ ሲነበብ ታላቅ ወንድሟ ኢድሪስ አጠገቧ ተቀምጧል። ማንጎውን ከዛፍ አውርዶ፣ በአህያ ጭኖ፣ ገበያ ድረስ የሚያደርስላት እሱ ነው። ኮሚቴው፣ ገቢ የሌለው ሰው ሼድ ምን ያደርግለታል፣ ችግረኛ የሚረዳ ሌላ ቢሮ አለ ብሎ ወረቀቱን መለሰላት። እውነታቸውን ነው። እኔም ብሆን የምመልሰው እንደዚያው ነው። ኢድሪስ ግን ተነሥቶ ወጣ።

«ወንድሜ እኔን አታናግርም» አለች፤ ኢድሪስን ማለቷ ነው፤ አማርኛ ሁለተኛ ቋንቋዋ ስለሆነ ወንድና ሴት ይቀያየርባታል። «ስድስት ወንድም አለኝ። እኛ ሞተናል እንዴ ብሎ ጠየቀኝ። ሕዝብ ሁሉ ሰማ።»

ሰሚራ ከኮንቴይነሯ ብቅ ብላ «አስኒ፣ የሴትዮዋን ዘመድ ባንድ አንቀጽ ጨረስካቸው እኮ!» አለች። ከዚያ የዘይነባን ፊት አየችና ተመልሳ ገባች።

እስከ ሰኞ ቀትር አስተካክሎ ማስገባት ይቻላል ተብሏል። ነገር ግን አብሯት የሚፈርም የቤተሰብ ሰው ያስፈልጋል፤ የቤተሰቡ ታላቅ ኢድሪስ ነው፣ ኢድሪስ ደግሞ አልፈርምም ብሏል። «ሰው ፊት ነው ያዋረደን፤ ራሱ መጥቶ ሰው ፊት ይመልሰው» ብሏል። የሚመልሰው እኔ ነኝ።

ዛሬ የተማርኩት፦ ማመልከቻ ጮክ ተብሎ ይነበባል።

ረቡዕ

የድሮ ቅጂዎቼን አወጣሁ። የእያንዳንዱን ማመልከቻ ረቂቅ አስቀምጣለሁ፤ ሦስት ካርቶን ሞልቷል። «ረዳት የሌለኝ» የምትለዋን ፍለጋ ገባሁ። ፍለጋ እንኳ አይባልም።

ዓይነ ስውር ሽማግሌ፦ ረዳት የሌለኝ። (እጃቸውን ይዛ ያመጣቻቸው ልጃቸው አጠገባቸው ቆማ ነበር።)

ሦስት ሚስት ያለው ገበሬ፦ ረዳት የሌለኝ።

ከሸርቆሌ የስደተኞች ካምፕ የመጣች ሴት፣ እህቷ ጋ እንድትኖር ይፈቀድላት ዘንድ፦ ረዳት የሌለኝ። «እህቴ» የሚለው ቃል ቀጥሎ ባለው መስመር ላይ አለ።

የቀበሌ እግር ኳስ ቡድን፣ ማሊያ እንዲገዛለት፦ ረዳት የሌለን። አሥራ አንድ ሰው፣ ተቀያሪ ሳይቆጠር።

ሰሚራ መብራት ስለጠፋ ሥራ ፈታ መጥታ ታገላብጥ ጀመር። «ይሄ ሁሉ አንድ ሰው ነው እንዴ?» አለች።

አንድ ሰው ነው። ማን እንደሆነ ለማወቅም ብዙ አልቸገረኝም። ከቤት ወደ ዛፍ፣ ከዛፍ ወደ ቤት ይመላለሳል። ስልክ አያነሳም። አንዲት እህት አለችው፣ ባምባሲ። ለአሥራ አንድ ዓመት የከተማውን ሕዝብ ሁሉ እሱን አስመስሎ ሲጽፍ ኖሯል።

ዝምታዬን ሰው ጨዋነት ነው ይለዋል። እኔም አምኜ ኖርኩ። ዘይነባን አራተኛውን ጥያቄ ያልጠየቅኳት ግን ጨዋ ስለሆንኩ አይደለም። መልሱ ይረዝማል ብዬ ፈርቼ ነው። እሷ ስታወራ ዓይኗን ማየት ይኖርብኛል። ከዚያ እኔም አንድ ነገር ማለት ይኖርብኛል። ስለዚህ አፏን በአንቀጼ ዘጋሁት።

የዛሬ ድሌ፦ ተፈልጎ አልተገኘም።

ሐሙስ

መላ አገኘሁ ብዬ ነበር። ለኢድሪስ የይቅርታ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ ሁለት ገጽ። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ የሚበልጥ ነው። ሁለተኛው አንቀጽ ላይ የራሴ ዓይን እንባ አቀረረ። ዘይነባ ጠዋት ወደ ገበያ ስታልፍ ሰጠኋት። ወረቀቱን ገልብጣ አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ ቅርጫቷ ውስጥ ከታ ሄደች።

ከሰዓት ተመለሰች።

ኢድሪስ ማንበብ አይችልም። ይህንንም አልጠየቅኩም። መንደሩ ውስጥ ወዳለ ሱቅ ወስዶ ባለሱቁን አስነበበው። ስኳርና ሳሙና ሊገዛ የመጣው ሁሉ ቆሞ አዳመጠ። ባለሱቁ አማርኛዬ ስለከበደው በየመስመሩ እየቆመ ለተሰበሰበው ሰው በበርታ ቋንቋ አብራራ። ይቅርታ ልጠይቅ መጀመሪያ ጥፋቴን ጽፌያለሁና፣ ውርደቱ ከነማብራሪያው እንደ አዲስ ተነገረ።

«መጀመሪያ ከተማ ሰማ» አለች ዘይነባ። «አሁን መንደር ሰማ። ኡስታዝ፣ አንተ አፍ የለህም?»

አለኝ አልኳት፤ በጣም ቀስ ብዬ ስለነበር የሰማችኝ አይመስለኝም።

ጥቂት ሄዳ ዞር አለች። «ነገ ጁምዓ ነው። ከሶላት በኋላ ሁሉም ሰው አለ።»

ትዕግሥት ደወለች። አነሳሁት። «ማን ሞተ?» አለችኝ ደንግጣ። ነገርኳት። ቀልድ እጠብቅ ነበር፤ እሷ ግን «ሂድ፣ ወንድሜ። በቃ፣ ሂድ» አለችኝና ዘጋችው።

ዛሬ የተማርኩት፦ ማሳመሬ መሸሻዬ ኖሯል። ይህም ራሱ ያማረ ዓረፍተ ነገር ስለሆነ አላመንኩትም።

ዓርብ

ሄድኩ።

ግማሹን በባጃጅ፣ ግማሹን በእግር። ባጃጁ መንደሩ ድረስ ይገባ ነበር፤ ቀድሜ የወረድኩት እንዳልደርስ ነው። መንገድ ላይ የምናገረውን አጠናሁ። አራት ዓረፍተ ነገር።

መስጊዱ አጠገብ ትልቅ የማንጎ ዛፍ አለ። ወንዶቹ ከሶላት ወጥተው ጥላው ሥር ተቀምጠዋል። ዘይነባ ራቅ ብላ ከሴቶቹ ጋር ናት። ኢድሪስ ረጅም፣ ቀጭን፣ ጺሙ የሸበተ ሰው ነው። ቁጭ በል አላለኝም። ሁሉም ዓይን እኔ ላይ። ትዝ ያለኝ ድሮ ያስተማርኩት ሰባተኛ «ለ» ክፍል ነው።

አራቱን ዓረፍተ ነገሮች ብፈልጋቸው የሉም። «ሳልጠይቃት ነው የጻፍኩት» አልኩ። «ለሁሉም እንደዚያ ነው የምጽፈው። የእሷ ታሪክ አልነበረም። የእናንተም አልነበረም። አጥፍቻለሁ።»

አንድ ሰውዬ ተነሥቶ ተረጎመልኝ። የእኔ አጭር ንግግር በእሱ አፍ ረዘመ፤ መሃል ላይ ሰው ሳቀ። ምን እንደጨመረበት አላውቅም። የእኔን ሥራ በእኔ ላይ ሠራብኝ።

ኢድሪስ ተነሣ። «አንተ ጸሐፊ ነህ። ወረቀት አለ?»

አለ አልኩ።

«እህቴ ረዳት የለውም ብለሃል። ቁጠር።»

ከዳር ጀምሬ እያንዳንዱን ሰው ጨብጬ፣ ስሙንና ለዘይነባ የሚያደርግላትን ጠይቄ እንድጽፍ ነው። ስድስቱ ወንድሞች። ልጆቻቸው። አማቾች። የአጎት ልጆች። ዛፍ ላይ የሚወጣ፣ ቅርጫት የሚሠራ፣ አጥር የሚያጥር፣ ስትታመም ቆማ የምትሸጥላትን ሚስቱን የሚልክ። አንድ ሽማግሌ ምንም እንደማይሠሩ፣ ነገር ግን ማንጎዋን እየበሉ ዱዓ እንደሚያደርጉላት ነገሩኝ። ይጻፉ ተባለ፤ ጻፍኩ።

ሃያ ሰባት ሰው። ዓመቱን ሙሉ ያን ያህል እጅ አልጨብጥም። አሥረኛው ላይ ላብ አጠመቀኝ። ሃያኛው ላይ ስለ ራሴ ማሰብ አቁሜ እንደነበር ያስተዋልኩት አሁን ነው።

የመጨረሻው ኢድሪስ ሆነ። እጁን ዘረጋ። «ኢድሪስ። ወንድሟ ነኝ።» «ነኝ» የምትለዋን ጫን አደረጋት። የአሻራ ቀለም ከኪሴ አይጠፋም፤ አውራ ጣቱን ነክሮ ዝርዝሩ ሥር አተመ።

ቁጭ በል የተባልኩት ያን ጊዜ ነው። የከርከዴ ሻይ አጠጡኝ። ነገሩን ዳግም ያነሣ የለም፤ ስለ ዝናብ ተወራ።

ቤቴ ገብቼ በሬን ዘግቼ ግድግዳ ሳይ ቆየሁ። እንዲህ ካለ ቀን በኋላ ሰው ይለወጣል ይባላል። እኔ ራሴን ነው ያመመኝ።

የዛሬ ድሌ፦ 27።

ቅዳሜ

ማመልከቻውን እንደ አዲስ ጻፍነው። ዘይነባ ቅርጫቷን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀመጠች፤ ጠየቅኳት። ዛፎቹን ከየት አገኘሻቸው? «እናቴ ሞተ። ለእኔ ሰጠ።» ለማን ትሸጫለሽ? ለከባድ መኪና ሹፌሮች፤ ስሟን አውቀው የሚቆሙ አሉ። የተረፈውስ? ቆርጣ ታደርቀዋለች፤ ክረምቱን እሱን ትሸጣለች። ሼድ የፈለገችውም ለማድረቂያው ነው፤ ጣሪያ ከሌለ አይደርቅም።

ይህ ሁሉ ባለፈው ሳምንትም እዚሁ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር።

እያነበብኩላት አረመችኝ። «ታታሪ» የምትለዋን አስወጣቻት። «እሱን እነሱ ይበሉ። አንተ ማንጎ ይሸጣል በል።»

ሰሚራ ተይባ ስትጨርስ «ማልቀሻው የታለ?» አለች። የለውም አልኳት። «ኧረ ጉድ! አስኒ፣ ሁለታችንንም ከሥራ ልታስወጣን ነው።» ሊሆን ይችላል። ለአንድ ማመልከቻ ሦስት ሰዓት ፈጀሁ። ሁለት ደንበኞች ጠብቀው ጠብቀው ማዶ ወዳለው ጸሐፊ ሄዱ። እሱ የሚጠይቀው ሁለት ጥያቄ ብቻ ነው።

እሑድ

ማንንም አላናገርኩም። ግሩም ነበር።

ከሰዓት ዝናብ ጀመረ። ጣሪያዬን ሲደበድበው ማንጎዋን አሰብኩ። አንቀጼ ባስባከነባት ሳምንት ቦታው ለሌላ ሰው ሄዶ ሊሆን ይችላል። ለዚህ የሚሆን ይቅርታ አላጠናሁም።

ሰኞ

አስገባን። ኢድሪስም መጣ። የቢሮው ጸሐፊ ወረቀቱን አገላብጣ «ይሄ ሁሉ ስም ምንድን ነው?» አለች። እኔ አፌን እስክከፍት ዘይነባ «ረዳቶቼ ነው» አለቻት። ማኅተም ተመታበት።

ውጤቱ ሐሙስ ይለጠፋል። አመልካቹ ከቦታው ይበዛል። ላይሰጧት ይችላል፤ ካልሰጧት ጥፋቱ ምን ያህሉ የእኔ እንደሆነ የሚነግረኝ ኮሚቴ የለም። ሁለቱ አህያቸውን እየነዱ ወደ ገበያ ሲወርዱ ከኋላ አየኋቸው። ኢድሪስ አንድ ነገር አላት፤ ሳቀች። ዕርቁ ግን እስከ ሐሙስ አላስጠበቃትም።

ወደ ዛፌ ተመለስኩ። አንድ ሽማግሌ በርጩማው ላይ ጠበቁኝ፤ የእርሻ ድንበር ጉዳይ። ስም። ቀበሌ። ጉዳይ። እጄ ሳላዘው «ምንም ገቢና ረ» ድረስ ጽፏል። ሰረዝኩት።

«አባባ፣ ማን አለዎት?» አልኳቸው።

ምርኩዛቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አጋደሙት፣ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከአባታቸው ወገን ጀመሩ።

አሁን ምሳ ሄደዋል። «መጣሁ፤ ገና የእናቴ ወገን አለ» ብለውኛል። ወረቀት ስላለቀብኝ ይህን ደብተር ነው ያወጣሁት፤ ስገልጠው ያገኘሁት የመጀመሪያውን ገጽ ነው። «በኋላ እመለስበታለሁ» ከምትለዋ በታች ሁለት መስመር ቀርቶ ነበር። የሽማግሌው አጎቶች ገብተውበታል። ታናሽየው አልበቃውም፤ ኅዳጉ ላይ ጻፍኩት።