ከፋሲካ ወዲህ

ጥቅምት 7
ሥጋ ቤት ደርሼ መጣሁ። ምስጋናው አራት የፍየል እግር አስቀምጦልኛል። "ዶክተር፣ ሾርባው አልሰለቸዎትም?" አለኝ። ለሾርባ ነው የሚመስለው። ይምሰለው።

ከሥራ በኋላ አንዱን ጉልበት ከፈትኩ። ጅማቱን ቆረጥኩ፣ አጥንቱን በሳሁ፣ አዲስ ጅማት አሳልፌ አሰርኩ... ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ባለፈው ሳምንት ከአንድ ሰዓት በላይ ነበር። ቀዳዳው ግን አሁንም ሁለት ሚሊሜትር ወደ ፊት ሄደብኝ።

ሁለት ሚሊሜትር! ዶክተር ብዙነህ ሲያስተምረኝ መብሻውን ከእጄ የነጠቀኝ በዚችው ነው። በነርሶቹ ፊት፣ በጓደኞቼ ፊት። "ሙሉሰው፣ ያንተ እጅ ለፍየል ነው። አገርህ ግባና ፍየል ጠግን።" የሳቁትን አንድ በአንድ አውቃቸዋለሁ። ስድስት ዓመት ሆነው። ይኸው ሰቆጣ ገብቼ ፍየል እየጠገንኩ ነው። ቆይ ብቻ።

ጥቅምት 19
ከደሃና አንድ ቄስ መጡ። ቄስ ገብረ ጻድቅ፣ ሠላሳ ስድስት ዓመታቸው። አምና ከበቅሎ ወድቀው የጉልበታቸው ጅማት ተበጠሰ። ከተማ ወርደው አዲስ ጅማት ተተካላቸው። አሁን እንደገና ይከዳቸዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው ገደል አፋፍ ላይ ነው፤ ቁልቁለቱን በሰው ትከሻ ነው የሚወርዱት።

መስቀል ተሳለምኩ፣ መረመርኳቸው።
"ከመቼ ጀምሮ ነው?"
"ከፋሲካ ወዲህ።"
"ማን ነበር የሠራዎት?"

ከጋቢያቸው ውስጥ ያኔ የተነሡትን ራጅ አወጡ። ጥጉ ላይ ያለውን ፊርማ ሳይ ልቤ ዘለለ። ብዙነህ! ራጁን መብራት ላይ ሰቀልኩት። ቀዳዳው ወደ ፊት ሄዷል። የእሱ! ወደ ፊት! አገኘሁህ።

"ምነው ደስ አለዎት?" አሉኝ ቄሱ። ራጁን እኔ ዘንድ አስቀረሁት።

ጥቅምት 20
ለግንቦቱ የሐኪሞች ጉባኤ ማመልከቻ ላክሁ። "ቦታውን በሳተ ቀዳዳ የተበላሸ ጉልበት።" ብዙነህ ሁልጊዜ ፊት ወንበር ላይ ነው። ራጁን ግድግዳ አሳክዬ አሳየዋለሁ። ስሙን አልጠራም። ጥግ ላይ ያለችውን ፊርማ ግን መቁረጥ "እረሳለሁ"።

ኅዳር 5
ቄሱ የሚለምኑኝ አንድ ነገር ነው። "ለጥምቀት ታቦት ይዤ ልውረድ። አምና ለሌላ ሰጡብኝ። ታቦት ተሸክሜ ከምወድቅ..."

የዘንድሮው አይደርስም አልኳቸው። ለከርሞ ቃል ገባሁ። እጄ አሁን አይስትም።

ኅዳር 9
ሠራኋቸው። እጄ እንደ ዛሬ ቀንቶት አያውቅም።

ግን... ካሜራውን አስገብቼ ሳይ የብዙነህ ቀዳዳ ቦታው ላይ ነው። ልክ ቦታው ላይ! ራጁ እግራቸው ዞሮ የተነሣ ነው፣ እሱ ነው ያሳሳተኝ። እኔም አዲሱን ጅማት በዚያው ቀዳዳ አሳለፍኩ። እጁን ይቁረጠው! አሮጌው ጅማት መሀሉ ላይ ተተልትሏል። በምን?

ምን አገባኝ። ጉባኤው የሚያየው ራጁን ነው። የካሜራውን ማን ይጠይቀኛል?

ኅዳር 12
ቄሱ ወጡ። የምክር ወረቀቱን ሰጠኋቸው። እሱን ያረቀቀውም ብዙነህ ነው፣ ሁላችንም እየገለበጥን የምንሰጠው። ለዘጠኝ ወር ሩጫ፣ ዝላይ፣ ኳስ፣ ከባድ ሥራ ክልክል።

የታከሙትን እግር የምታሠራልን ፊዚዮቴራፒስቷ ውዴ ናት። "ጅማት እንዲህ የሚተለተለው ጉልበት ሲታጠፍ ሲታጠፍ ነው። ምን ሲያደርጉ እንደነበር ልጠይቃቸው?" አለችኝ።

"ተያቸው፣ መንገደኛ ናቸው" አልኳት። ለምን እንዲህ አልኩ? ለምን እንደሆነማ አውቃለሁ።

የካቲት 19
ሁዳዴ ገባ። ምስጋናው ሥጋ ቤቱን ዘጋ፣ ፍየልም የለም። ለጉባኤው የማሳየውን እያሳመርኩ ነው።

ቄሱ ለምርመራ መጡ። ጉልበታቸው ጸንቷል፣ ድንጋይ! "እጅዎ ይባረክ" አሉኝ። አሜን።

መጋቢት 25
ጉባኤው ተቀበለኝ!!

ሚያዝያ 15
ቄሱን በቃሬዛ አመጧቸው። ጉልበታቸው አብጧል። ሳየው ገባኝ። የኔ ጅማት ተበጥሷል።

"ወደቁ?"
"ኧረ አልወደቅሁም። ስሰግድ ነው። አርብ፣ የስቅለት ዕለት።"
"ስንት ሰገዱ?"
"ሕማማቱን ሙሉ። አርብ ብቻ ሦስት መቶ ይሆናል። አምናም በዚሁ ነው የጀመረኝ።"

ጮኽኩባቸው። ቄስ ላይ! "ማን ስገዱ አለዎት?"

ወረቀቱን አወጡ። እጥፉ ላይ አልቆ ሊቀደድ ደርሷል። በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡልኝ፦ ሩጫ፣ ዝላይ፣ ኳስ፣ ከባድ ሥራ። "አንዱንም አልነካሁም፣ ዶክተር። እንጨት እንኳ አልፈለጥኩም። ስግደት ሥራ ነው እንዴ?"

ከፋሲካ ወዲህ። ገና በጥቅምት ነግረውኛል። ጽፌዋለሁም፣ ይኸው እዚሁ ደብተር ላይ። ብዙነህ ከተማ ተቀምጦ አላሰበው ይሆናል። እኔስ? ሕማማት በመጣ ቁጥር ከእናቴ ጎን ስሰግድ ያደግሁት እኔስ? አለመጠየቅን ነው የመረጥኩት። ጥፋቱ የብዙነህ እንዲሆንልኝ።

ግንቦት 9
ጉባኤው ዛሬ ነበር። ብዙነህ እንደ ልማዱ ፊት ወንበር ላይ። ሸብቷል። ግድግዳ የሚያክል ራጅ አሳየሁ... የኔን። ጥግ ላይ ያለው ፊርማም የኔ ነው። ያልጠየቅኩትን ሁሉ ተናገርኩ። የሳቀ የለም።

ስወርድ ብዙነህ መጥቶ እጄን ጨበጠኝ። "ወረቀቱ የኔ ነው፣ አስተካክለዋለሁ። እኔም አላሰብኩትም ነበር" አለኝ። ቀጥሎ፣ "ጎበዝ ነህ። የት ነው የተማርከው?"

የት ነው የተማርከው! ስድስት ዓመት ተሸክሜው ስዞር እሱ ፊቴን እንኳ አያውቀውም። "እርስዎ ዘንድ" አልኩት። ሲያስብ ትቼው ወጣሁ። አሁንም እጠላዋለሁ።

ግንቦት 16
ለቄሱ ሁሉንም ነገርኳቸው። ፍየሉን፣ ፊርማውን፣ ውዴን ዝም ማሰኘቴን። ሦስተኛ ቀዶ ጥገና አጥንታቸው እንደማይችል፣ ታቦቱ ለከርሞም እንደማይሆን... ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሰሙኝ። እንዲቆጡኝ ፈልጌ ነበር።

"ሦስት መቶ ትሰግዳለህ" አሉኝ። አንተ ሲሉኝ የመጀመሪያቸው ነው። "ግን አሁን ሃምሳው አልወጣም፣ ስግደት የለም። ከጰራቅሊጦስ በኋላ።"

ሰኔ 2
ሃምሳው አለቀ። ከሥራ በፊት ሆስፒታሉ አጠገብ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም ጋ ጠበቁኝ። ምርኩዝ ይዘው፣ እግራቸውን ዘርግተው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል።

እስከ ሠላሳ ብዙነህን እየረገምኩ ነበር። ሰባ ላይ ጉልበቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መቶ ሃያ ላይ መነሣት አቃተኝና ግንባሬ መሬት ላይ ቀረ።

"መቶ ሃያ" አሉ ቄሱ። "የቀረውን ነገ። እኔ እቆጥርልሃለሁ፣ እኔ እንደሆን መታጠፍ አልችልም።"