ከግድግዳው ግርጌ ያለችው መስመር

የኔ ጌታ፣

ሰው ፊት አንቱ፣ ቤት ውስጥ አንተ ስልህ የኖርኩት ሚስትህ ነኝ። ከተለያየን ዓመት ሊሞላ ነው። በዚህ ሳምንት ጥቁሬን አወልቃለሁ፤ ጎረቤቶቻችንም ለሙት ዓመትህ ቤቱን ኖራ ቀብተውልኛል። ወሬው አንተ ጋ ካልደረሰ ጣሊያኖቹ ከመቐለ ወጥተዋል፤ ታስተምርበት የነበረው ትምህርት ቤትም ሊከፈት ነው ይላሉ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ግድግዳው ነው። ወረቀት ሲጠፋ በከሰል የሞላኸውን ስሌት ጎረቤቶች ጠልሰም ነው ብለው ልጆቻቸውን ከበራችን ያርቁ ነበር። የጣሊያኑ ሹም ደግሞ የአርበኞች ምስጢር መስሎት አስተርጓሚ ይዞ መጥቶ ሲያፈጥበት ዋለ። አንተ ወንበር ሰጥተህ ልታስረዳው ሞከርክ! አውሮፓ የተማርከውን ለጠየቀህ ሁሉ ትዘረግፋለህ እንጂ ማንንም አትጠረጥርም። መጠርጠሩ የኔ ድርሻ ሆነ።

ከሥራህ የገባኝ ያቺ የካውያዋ ብቻ ናት። አንድ ቅዳሜ ልብስህን ስተኩስ አጠገቤ ቆመህ አጥቦ መተኮስና ተኩሶ ማጠብ አንድ ነው ወይ ብለህ ጠየቅከኝ። ሳቅሁብህ። የዕድሜ ልክ ጥናቴ ይኸው ነው አልከኝ፤ ቅደም ተከተላቸው ሲቀየር ውጤታቸውም የሚቀየር ሥራዎችን እንደ ቁጥር እያባዙ ሕጋቸውን መፈለግ። ከግድግዳው ሦስተኛ መስመር ሁለት ፊደሎች አሳይተህ ይቺ ማጠብ፣ ይቺ መተኮስ ትሁን አልክ።

ባለፈው ወር ከአስመራ አንድ የሒሳብ መምህር መጣ። ከአንተ ጋር ይጻጻፍ እንደነበርና መሞትህን ዘግይቶ እንደሰማ ነገረኝ፤ ግድግዳው ሳይቀባ ልገልብጠው ብሎም ለመነኝ። እንባውን ሳይ ይበልጥ ጠረጠርኩት። የሟችን ሥራ ገልብጦ በራሱ ስም ውጭ አገር ቢልከው ማን ይጠይቀዋል? እምቢ ካልኩት ደግሞ ልፋትህ ኖራ ሥር ሊቀር ነው። ነገ ተመለስ አልኩት። እንደወጣ እርጥብ ጨርቅ አንስቼ ማጠብንና መተኮስን አጠፋሁና አቀያይሬ ጻፍኳቸው። ሌባ ከሆነ ዓይኑን ጨፍኖ ይገለብጣል ብዬ ነው።

በማግስቱ መገልበጥ ጀመረ፤ ሦስተኛው መስመር ላይ እርሳሱ ቆመ።

«እመቤቴ፣ ይህ የእሳቸው እጅ አይደለም። እነዚህ ሁለቱ ከተቀያየሩ ከታች ያለው ሁሉ ይፈርሳል» አለኝ።

ልቤ ደስ አላት። ደስታዬ ግን ብዙ አልቆየም። እኔ እጄን ያላሳረፍኩባት፣ ከግድግዳው ግርጌ ያለችው መስመር ላይም ቆመ። ብዙ ካሰበ በኋላ እዚህም አንድ ነገር ጎድሏል፣ ከላይኛዋ ወደዚህች የሚያሻግር ምክንያት የለም አለ።

ደሜ ፈላ። ሙት መልስ አይሰጥ፣ ሊያሳጣህ ነው የመጣው ብዬ ከቤት ላስወጣው በሩን ከፈትኩት። ብርሃኑ ገብቶ አልጋህ የነበረበት ቦታ ላይ ሲያርፍ ግን ትዝ አለኝ። ታመህ ሳለህ አልጋህን ወደ ግድግዳው አስዙረህ ቀኑን ሙሉ የምታያት ያቺን መስመር ነበር። በሥራው እየተደሰተ ነው እላቸው ነበር ለጠያቂዎችህ። ለካ አንተም ትጠረጥር ኖሯል፤ የጠረጠርከው ራስህን ነው እንጂ። ብቻህን ይዘኸው መሄድህ አንጀቴን በላው። ባይገባኝስ፣ ለእኔ ያልነገርከውን ለማን ልትነግር ነበር? አለቀስኩ፤ በሩንም ዘግቼ ለእንግዳው መቀመጫ ሰጠኋቸው።

መምህሩ ገልብጠው ጨርሰዋል። ከወረቀቱ አናት ላይ ስምህን ሲጽፉ አጠገባቸው ቆሜ አይቻለሁ። የጎደለውን ሊፈልጉ ይዘውት ወደ አስመራ ሄዱ። ኖራውን ያመጡት ጎረቤታችን ኣደይ ለተ የታችኛዋን መስመር እንዳይነኩ ስለምናቸው፣ ጓለይ፣ ልጄ፣ ሰው ምን ይለናል ብለው ተቆጡኝ። ይበል። ግድግዳው ሁሉ ነጭ ሆኖ እሷ ብቻ ቀርታለች፤ ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የማየው እሷን ነው።

እስክትሞላ ድረስ አላስቀባትም፤ ከሞላች በኋላም አንተን አልረሳም። መምህሩ ተሞላች ብለው ሲመጡ ግን እንዲሁ አላምናቸውም። ምሳ አቀርብላቸውና፣ እጃቸውን ሲታጠቡ ከጽሑፋቸው ላይ ሁለት ፊደል አቀያይሬ እጠብቃቸዋለሁ።

ተጠራጣሪዋ ሚስትህ