በገዛ እጄ የጻፍኩት የሥራ መዘርዝር

ዶንግጓን፣ በጨረቃ አቆጣጠር የሁለተኛው ወር 12ኛ ቀን፣ 1995

ለተከበርሽውና ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለጁሜይ፣

አንቺ፣ ባለቤትሽና ልጆቹ እንደምን ከረማችሁ? የእናታችንስ ሳል ተሻላት ወይ? እኔ በጤናዬ አለሁ። በመኝታ ክፍላችን አሥራ ሁለት ሰዎች ብንሆንም፣ ከፓን ላኦቺ በቀር የአገራችንን ንግግር የሚያውቅ የለም። እርሱ በሌላ ፈረቃ ሲገባ የራሴን ድምፅ ሳልሰማ እውላለሁ።

እንደምታውቂው የተቀጠርኩት የአሻንጉሊት መኪናዎችን በካርቶን ለማሸግ ነው። ዘንድሮ ሥራ ላይ በዋለው ሕግ መሠረት ለእያንዳንዱ ሠራተኛ ሥራው ምን እንደሆነ በጽሑፍ ሊሰጠው ይገባል ሲባል እጅግ ደስ አለኝ። በቆርቆሮ መጭመቂያው ማሽን ላይ ይሠራ የነበረው ልጅ ሁለት ጣቶቹን አጥቶ ወደ አገሩ ከተመለሰ ወዲህ፣ በእርሱ ቦታ ማን ይመደብ ይሆን እያልኩ እሰጋ ነበር። ማኅተም ያረፈበት ወረቀት «አሻጊ» ካለኝ ማንም ወደዚያ አይወስደኝም ብዬ ተጽናናሁ።

ነገር ግን የፈረቃ አለቃችን ቺዩ የሁለት መቶ ሰው ወረቀት መጻፍ ታከተውና ባዶ ቅጽ አደለን። «የምትሠሩትን ራሳችሁ ጻፉ! ተቆጣጣሪ ሐሙስ ይመጣል» አለ።

ፓን ላኦቺ መጻፍ ስለማይችል የእርሱንም የሞላሁለት እኔ ነኝ።

«ምን ብዬ ልጻፍልህ?»

«ካርቶን ያሽጋል በል።»

«ይኸው ነው? ሥራ የለውም ብለው ያባርሩሃል እኮ!»

«አንተ ተማሪው፣ አታድርቀኝ! ካርቶን ያሽጋል፤ በቃ።»

የራሴን ስጽፍ ግን ፍርሃት ያዘኝ። ጥቂት ብጽፍ ሰነፍ እባላለሁ ብዬ፣ ከመጣሁ ጀምሮ እጄ የነካውን ሁሉ ደረደርኩ። ወለል መጥረጉን፣ ዕቃ መጫኑን፣ አንድ ጊዜ ሰው ታሞ ለግማሽ ቀን በመጭመቂያው ላይ መተካቴን ሳይቀር ጻፍኩ። ገጹ ሲሞላ ኮራሁ፤ አውራ ጣቴንም በቀይ ቀለም ነክሬ አተምኩበት።

ትናንት ቺዩ ጠራኝ።

«ከሰኞ ጀምሮ መጭመቂያው ላይ ነህ።»

«ጌታዬ፣ እኔ አሻጊ ነኝ።»

ወረቀቱን አፍንጫዬ ሥር ያዘው። «ይሄ የማን ጽሕፈት ነው? የእናቴ? ሕግ አክብር እንጂ ወንድሜ!» አለ። አጠገቡ የነበሩት ሁሉ ሳቁ።

«እባክዎ፣ ያቺን መስመር ብቻ ይሰርዙልኝ።»

«ማኅተም ካረፈበት በኋላ? ካልተመቸህ በሩ ያውልህ።»

እህቴ ሆይ፣ የከተማው የመኖሪያ ፈቃዴ በፋብሪካው በኩል የተገኘ ነውና ከዚያ በር ብወጣ የምገባበት የለኝም። ፓን ላኦቺ በአንዲት መስመሩ ካርቶኑን ያሽጋል። «አይዞህ፣ እጅህን ቶሎ ቶሎ መሳብ ነው» ብሎኛል፤ ከዚያ ወዲህ ግን ዓይኔን አያይም። ከማን ጋር እንደምነጋገር አላውቅም፤ ስለዚህ ለአንቺ ጻፍኩ።

ይህን ለእናታችን አታንብቢላት። ወደ ማሽን ሥራ ከፍ አለ ብትያት ሐሰት አይሆንም። የቀደሙት አያቶቻችን ቤታችሁን ይጠብቁ፤ ልጆችሽ በጤና ይደጉ፤ እናታችንም ረጅም ዕድሜ ትኑር። ምናልባት ከእንግዲህ የምልከው ደብዳቤ በሌላ ሰው እጅ ተጽፎ ብታገኚው፣ ሥራ በዝቶበት ነው ያስጻፈው በያት።

ታናሽ ወንድምሽ፣
ሺ ዩንሻን