ብርሃን እንደ ጻፈችው ሆነ

ቢቸና፣ ቅዳሜ፣ የካቲት ፯

የእህቴን ልጅ ዓለሚቱን ስለ ብርሃን ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ማለቴ፣ ሞጣ ስታጠና ኩራዝ እይዝላት ነበር።

አሁን ውጭ አገር የብርሃንን ጠባይ በስሌት የምትመረምር ሊቅ ናት። ለእረፍት መጥታ ዛሬ እኔ ቤት ዋለች። «መሣሪያሽ የታለ?» ብላት እርሳሷን አሳየችኝ። አንዲት የብርሃን ቅንጣት ምን እንደምትሆን ቀድማ በወረቀት አስልታ፣ እዚያ ያሉት ባልደረቦቿ በላቦራቶሪ እየፈተኑላት ነው።

«ከተሳሳትኩ የስንት ዓመት ልፋቴ ገደል ገባ፣ ጋሼ።»

«ብርሃኑ እንቢ ካለሽ እኔ እመክረዋለሁ» አልኳት።

ከሰዓት በኋላ ስልኳ ጮኸ። አብሯት የሚሠራ ያገራችን ልጅ በአማርኛ ጽፎላታል። ለማየት ፈርታ ለእኔ አቀበለችኝ።

«ማንበብ ቻልኩ ሲሉ አልነበር? ያንብቡልኛ!»

በማታ ትምህርት እንደለመድኩት ፊደሉን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩ። «እን… ዳል… ሽው…»

«ቶሎ ይበሉ እንጂ፣ ሊገድሉኝ ነው!»

«…ሆነ።»

«እኔማ አውቄው ነበር» አልኳት።

የሞጣ ልጅ በእርሳስ ትጽፋለች፣ ባሕር ማዶ ያለ ብርሃን እንደ ጻፈችው ይሆናል! አንድዬ፣ ይህንንም አሳየኸኝ።

«አውቄው ነበር» አልኳት ብዬ የጻፍኩት ግን ፈጠራዬ ነው። ያን ጊዜስ በትክክል ማንበቤን ለማረጋገጥ ፊደሉን እንደገና ከመጀመሪያው በጣቴ ተከተልኩ።